ጨረቃ ሳለች የዘነበ ዝናብ

የመኪና ሽቶ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ አለ። የጥድ ነው ይሉታል፤ ጥድ ግን እንዲህ አይሸትም። ትናንት አንድ የድሮ መጻሕፍት ካርቶን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝና ዩለስ የምትባለዋን የፈረንጅ አገር ከተማ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ የነበረውን አፓርትማችንን አመጣብኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ኮሌጅ የገባሁት ገና በዚያው ዓመት ነው። ከደባሌ ጋር አውሮፕላን እናጸዳ ነበር። እሷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ባለታክሲ፣ ያገራችን ልጅ፣ መኪናውን በራችን ላይ ፓርክ አድርጎ ይገባል። ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን መጽሐፍ ሳምንት ጠብቆ፣ ባለቤቱ ካልጠየቀ ለእኔ ያመጣልኛል። «ላንቺ እንጂ ለማን ይሆናል» ይለኛል። ይህችን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይዣት እዞራለሁ። መጽሐፍ የሚያመጣልኝ ሰው ወደ እኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ያመጣው ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ የጥንት የቻይና ተረት ነበር። ከሰዓት በኋላ ደባሌ ልብስ ትተኩሳለች፣ እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ እኔ በአማርኛ እየመለስሁ አነብላቸዋለሁ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ዝም እላለሁ፤ ሲርቅ እቀጥላለሁ። ተረቱ ውስጥ አንድ ተማሪ አጥር ዘልሎ ወደ ጎረቤቱ ልጃገረድ ገባ፤ በሩን ዘጉ፤ ከዚያም ደመናና ዝናብ ሆኑ ይላል።

«ተርጓሚው ተሳስቷል» አልሁ፣ ገጹን ወደ ኋላ ገልጬ። «እዚህ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጨረቃም ወጥታለች ይላል። ዝናቡ ከየት መጣ?»

«ተይው በቃ፣ ዘንቦ ይሆናላ» አለች ደባሌ።

«በምን ደመና?»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ በሩን ዘግተው የለም እንዴ።»

ባለታክሲውን ሳል ያዘው። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጥመው አገኘኋቸው፤ ቶሎም ዓይናቸውን መለሱ። እሷ ተተኩሶ ያለቀውን እጅጌ እንደገና መተኮስ ጀመረች። ሸሚዙ የወንድ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሐረጉን ትርጉምም፣ ሌላውንም፣ አንድ ላይ አወቅሁ።

ሰኞ የኮሌጅ መምህሬን የሐረጉን መነሻ ጠየቅኋት። አንድ ንጉሥ በሕልሙ ከአንዲት የተራራ ሴት ጋር ይተኛል፤ ስትለየው ጠዋት ደመና፣ ማታ ዝናብ እንደምትሆን ትነግረዋለች። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዎቻቸው የወንድና የሴትን ነገር በዚህ ይሸፍኑታል አለችኝ።

«ንጉሡስ?»

«ነቃ።»

ደብተሬ ላይ የጻፍሁት ይህችን ብቻ ነው።

አሁን ሳወራው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ቅናት ይዞኝ ነበር። ወር ሙሉ በእሱ ፊት እንግሊዝኛዋን አረምሁባት። አንድ ቀን ብቻ «እህቴ፣ ምን አደረግሁሽ?» አለችኝ። ሳሙና ጨርሰሽ ሳትገዢ ቀረሽ አልኋት። በማግስቱ ሦስት ሳሙና ገዝታ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

በኋላ የሠርጋቸውን መጥሪያ ካርድ ከመታተሙ በፊት እንዳርመው ሰጡኝ። «ካንቺ ዓይን የሚያመልጥ የለም» አለችኝ። ሁለት ፊደልና አንድ ነጥብ አስተካከልሁ። ስማቸው ላይ ስደርስ ቆየሁ። ጎን ለጎን የተጻፉትን ሁለት ስሞች ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኋቸው፤ ስሕተት አጣሁባቸው።