ሦስተኛው ውታፍ

ባለፈው ሳምንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጣሪያ አፍስሶ፣ መጋዘናችን ውስጥ የተከመረው የቃጫ ጆንያ በስብሶ አገኘሁት። በሩን ስከፍት ያ ሽታ መጣ፤ የእርጥብ ቃጫ፣ የአቧራ፣ በመጠኑም የኮመጠጠ ቡና ሽታ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ቆመው «ቲቸር፣ ምን ጠፋብሽ?» ይሉኛል። እኔ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ደርቄ ቀርቻለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ በቅደም ተከተል።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እስክንጠራ ቤት ተቀምጠን እንጠብቃለን። ቤታችን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። አባቴ በአሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ከአጋሮ ወዲያ ካሉ ገበሬዎች ቀይ እሸት ቡና እየሰበሰበ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርስ ነበር። እሸት ቡና አይጠብቅም፤ በተለቀመበት ቀን ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ ይቦካል። ፒካፑ ደግሞ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይግልና ይለግማል። አባቴ ከመንገድ ዳር ጥላ ፈልጎ እስኪበርድለት ይቆማል።

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ቱርቦ የሚባለው ክፍል አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ስስ ስለሆነ ነዳጁን በደንብ አያነድም። በመካከል ኢንተርኩለር ቢገባ፣ ማለትም ራዲያተር የመሰለ ንፋስ የሚመታው ሳጥን፣ አየሩ በርዶ ይደርሳል፤ ሞተሩም ጉልበት ያገኛል። ፒካፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ አልነበረውም። አጎቴ ለብዙ ዓይነት መኪና የሚሆን አንድ ከመርካቶ ገዝቶ ላከልን። አባቴ ካርቶኑን ከፍቶ ብዙ አየውና፣ «ኢንታላ ኮ፣ አንቺ ካነበብሽው እንገጥመዋለን» አለኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ሲለኝ እምቢ የምልበት አንደበት አልነበረኝም።

ሁለት ቀን ግቢያችን ውስጥ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ሠራን። እሱ ብረት ቆረጠ፣ መያዣ በየደ፤ እኔ ለካሁ፣ ገጠምኩ፣ ጻፍኩ። ከአጥራችን ማዶ ቡና መቀሸሪያ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ የገለባው ብናኝ እንደ ጉም ተነስቶ የታጠበ ልብስ ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ቅንድባችን ላይ ያርፋል። ሞተር ውስጥ ቢገባ እንደ አሸዋ ነው። ስለዚህ ከቃጫ ጆንያ አራት ቁራጭ ቆርጬ፣ ውኃ ነክሬ፣ ክፍት የነበሩትን አራት የአየር አፎች ወተፍኳቸው። በየውታፉ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። ደብተሬ ላይም ዝርዝር አወጣሁ፤ ውታፉ ሲወጣ ምልክት ይደረጋል፣ ቱቦው ይለብሳል፣ ማሰሪያው ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሰው አይሳሳትም ብዬ አምን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሦስተኛው አፍ ዘንድ ደረስኩ። ደብተሬ ላይ ምልክቱን አድርጌ እጄን ልሰድ ስል ሽማግሌው ጎረቤታችን ገቡ። በእኛ ሰፈር አዲስ ነገር ዱዓ ሳይደረግበት ከግቢ አይወጣም፤ አባቴ ነበር ያስጠራቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ለመኪናው ሁለተኛ አፍንጫ አወጣችሁለት?»

«ትንፋሽ እንዳያጥረው ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥረኝስ እኔ ነኝ! ለእኔም አንድ ግጠሚልኝ እንጂ!»

ሳቅን። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም የያዝነውን ጥለን ዘረጋን። «አላህ ከዳገቱም ከቁልቁለቱም ይጠብቅህ…» እያሉ ረጅም መረቁ። «አሚን፣ አሚን» አልን። ሲያበቃ ደብተሬን አየሁ፤ ሦስተኛው ላይ ምልክት አለ። ቱቦውን አለበስኩና አጠበቅኩ። አራተኛውንም ጨረስኩ።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ልፈትሽ ፈልጌ ነበር። ግን ሽማግሌው መኪናው ሲወጣ ለማየት ቆመዋል። ዱዓ ያደረጉበትን ነገር በፊታቸው መፍታት ምርቃታቸውን መጠራጠር ይመስላል። አባቴም ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብሎ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ጣለ፤ ሳጥኑን ጫነ፤ ወጣ።

ዕቃውንና የወጡትን ውታፎች ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ። አንድ። ሁለት። አራት።

ካርቶኑ ውስጥ ፈለግኩ፤ ዶሮዎቹ የሚጭሩበት ድረስ ሄድኩ። ደብተሬ «ወጥቷል» ይላል፤ መሬቱ ላይ ግን የለም። ቀስ እያለ እጄ ራሱ አስታወሰኝ። ሁለተኛው ሲወጣ የሰጠውን ቅዝቃዜ፣ አራተኛው ሲወጣ ያሰማውን ድምፅ አውቃለሁ፤ ከሦስተኛው ግን የማስታውሰው ምንም የለም።

ውታፉ ሞተሩን ያፍናል፤ ወይም ተስቦ ይገባበታል። ሞተር ቁልቁለት ላይ ከጠፋ ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው።

«ደውዪለታ!» አለች እናቴ። ደወልኩ። ስልኩ ከጓዳ ጮኸ፤ ምስማር ላይ ከተሰቀለው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ።

እየሮጥኩ መናኸሪያ ደረስኩ። የአጋሮ ሚኒባስ እኔ ገብቼም አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል።

«በአላህ እንሂድ!» አልኩት ሾፌሩን።

«ሳይሞላ? ረጋ በይ እህቴ፣ አጋሮ የትም አትሸሽም።»

በመጨረሻ ዶሮ ያቀፈች ሴት መጥታ ሞላችው። መንገዱ በቡና ጥላ ዛፎች መካከል ይጠመዘዛል፤ ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል እየተቆራረጠ ፊታችን ላይ ይሮጣል። እኔ በገደሉ በኩል ተቀምጬ፣ የተሰበረ ቁጥቋጦ፣ የጎማ ጭረት እፈልጋለሁ። «ልጅቷ መንገዱን በዓይኗ ልትበላው ነው» አለች ባለዶሮዋ። ማንም አልሳቀም።

ከአንድ ኩርባ በፊት አስፋልቱ ላይ ቅጠል አየሁ። አዲስ የተዘነጠፈ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። አገሬው ቅጠል የሚጥለው ከፊት የቆመ ወይም የወደቀ መኪና ሲኖር ነው። የትኛው እንደሆነ ኩርባውን ሳይዞሩ አይታወቅም። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ።

ፒካፑ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁ ላይ እርጥብ የቃጫ ቁራጭ አለ።

ሾፌሩ ወርዶ «ምን ነካው?» አለ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደመኝ። «ውታፍ ረስቼ ገጥሜው፤ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት አጣ። እርጅና ነው።»

«ኣቦ! መኪናውን አንቀው ሊገድሉት ነበራ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። ሚኒባሱ ሲሄድ እኔ ቀረሁ።

«አባ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። የእጅሽን ጽሑፍ አጣዋለሁ?» አለና ካቻቢቴውን ዘረጋልኝ። «ነይ፣ ዝጊው።»

ቱቦውን አለበስኩ፤ አጠበቅኩ። «አታየውም?» ስለው ኮፈኑን በሁለት መዳፉ ተጭኖ ዘጋው።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ስለዚያች ቀን አንስተን አናውቅም፤ ለሽማግሌውም፣ ለእናቴም ዛሬ ድረስ የረሳው እሱ ነው።

ያን ቀን ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ሳላውቀው ሁለቱን እግሮቼን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ በእኔ በኩል ፍሬን ያለ ይመስል እረግጥ ነበር። ገበሬዎቹ የለቀሙትን ይዘው እየጠበቁት ነው፤ በጣም አርፍዷል። እሱ ወደ እግሬ አንዴ አየና ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀነሰ። አይሱዙዎች ጥሩንባ እየነፉ አለፉን፤ ሚኒባስ አለፈን፤ በመጨረሻ አህያ የሚነዳ ሰው ሊቀድመን ምንም አልቀረውም። አባቴ ግን እግሮቼ ወለሉን እስኪለቁ ድረስ ማርሽ አልጨመረም።