የተሞሸረችው አውሮፕላን

ግዛቸውን የሚያስጠላው ነገር ብዙ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ያስጠላዋል፤ ስልክ ላይ የሚጮህ ሰው ያስጠላዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን አባ ኮዳ ያስጠላዋል። ያ መላጣ ወፍ ሐይቁ ዳር የዓሣ አንጀት ሲቃርም ውሎ፣ ሆዱ ሲሞላ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው የግዛቸው አውሮፕላን ላይ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ከአየር ላይ የእርሻ መድኃኒት የረጨ አብራሪ፣ ጡረታውን ኩስ በመፋቅ ጀመረው ብሎ ሰፈሩ አዲስ ከተማ ሲስቅበት ሰንብቷል። አዲስ ከተማ ደግሞ ለመሳቅ ምክንያት አይፈልግም።

አውሮፕላኗ ቢጫ ናት፤ ሁለት መቀመጫ አላት፤ በዕድሜ ግዛቸውን ትበልጣለች። ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ከአብራሪው ሙህዲን ጋር ገዝተዋት፣ እሁድ እሁድ ለደስታ ያበሯት ነበር። አሁን ግን የቆመችበት መጋዘን ሊፈርስ ነው፤ የበረራ ፈቃዷም በመጪው እሁድ ያበቃል። ፈላጊዋ ሁለት ነው። አንዱ ናይሮቢ ያለ የጥንት አውሮፕላን ወዳጆች ክለብ፣ አድሶ ሊያበራት። ሌላው ደምሴ የሚባል ባለ ሆቴል፣ ግቢው ውስጥ አቁሞ ሙሽሮች ፎቶ ሊያስነሳባት።

«ቬሎ የለበሰች ሴት ክንፏ ላይ ተቀምጣ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!» አለ ግዛቸው።

ክለቡ የጠየቀው ቀላል ነበር፤ አየር ላይ እያለች፣ አሮጌ ቀለሟና የጅራቷ ቁጥር በግልጽ የሚታይበት ፎቶ። እሁድ ጠዋት ግዛቸው አበረራት፤ ሙህዲን ታቦር ተራራ ላይ ካሜራውን ደግኖ ቆመ። ግዛቸው በሐይቁ በኩል ዞሮ ሦስት ጊዜ ፊት ለፊቱ አለፈ። በኋላ ፎቶዎቹን ሲያይ ዓይኑ ረጠበ።

«ምን ሆንክ?» አለ ሙህዲን።

«ንፋስ ነው።»

«ቤት ውስጥ?»

«ዝም በልና ላክልኝ!»

ሙህዲን ግን እንዲሁ ቢልክ ምን ነበረበት? ለሰው አገር ሰው ያልተሰናዳ ፎቶ አይላክም ብሎ፣ የካሜራውን ካርድ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለው የሠርግ ፎቶ አንሺ ወደ ታምሩ ስቱዲዮ ወሰደው። አሳምረህ ላክልን አለው። ታምሩም አሳምሮ ላከ።

ማክሰኞ ከክለቡ መልስ መጣ፦ «ቁጥር የሌላት፣ ፏፏቴ ላይ የምትበር አውሮፕላን አንገዛም። ቀልዳችሁን ለሌላ አድርጉት።»

ሁለቱ እየሮጡ ስቱዲዮው ደረሱ። አውሮፕላኗ ሮዝ ሆናለች። በአራቱም ማዕዘን ጽጌረዳ፣ ከኋላዋ ፏፏቴ፣ ከላይዋ ሁለት እርግቦች።

«ጅራቷ ላይ የሆነ ጽሑፍ ነበር ጋሼ፤ አጠፋሁላችሁ» አለ ታምሩ በኩራት። «ጭረቱንም እንደ ብጉር ለቀም ለቀም አደረግኩት።»

«ያላማረውስ የት አለ?» አለ ግዛቸው።

«ካርዱ ሞልቶ ነበር፤ ባዶ አድርጌ መለስኩላችሁ።»

የአውሮፕላኗ ፈቃድ እሁድ አብቅቷል፤ ዳግመኛ አትበርም።

«የልጄን ሠርግ ግን ጥሩ ሠርቶት ነበር» አለ ሙህዲን ቀስ ብሎ።

«የልጅህ አፍንጫ የት እንደገባ እስካሁን አልተገኘም!»

ፎቶውን የስቱዲዮው መስኮት ላይ ተሰቅሎ ያየው ደምሴ ግን «እኔ የምፈልጋት ይቺን ነው!» ብሎ አውሮፕላኗን ገዝቶ ወሰዳት፤ ልክ እንደ ፎቶው ሮዝ ቀባት።

የመጀመሪያው ሠርግ በነበረበት ቅዳሜ ሙህዲን ግዛቸውን ጎትቶ ሆቴሉ ወሰደው። ሙሽሪት ክንፉ ላይ ተደላድላለች፤ ሙሽራው ነጭ ሱፉን ለብሶ ጅራቷ ሥር ቆሟል። አንድ አባ ኮዳ መጣና ጅራቷ ጫፍ ላይ አረፈ።

«ግዛቸው፣ እባክህ እሽ በልልን!» ብሎ ጮኸ ደምሴ። «አንተ ታውቅበታለህ!»

ግዛቸው ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከተተ። ወፉ እግሩን አመቻችቶ ጀርባውን ወደ ሙሽራው አዞረ።