የዩሪያ ጆንያ ያጠብኩበት ገንዳ

በ1989 ዓ.ም. የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ያስታወሰኝ የትናንቱ ነገር ነው፤ ከሻንቶ ገበያ ስመለስ አንዲት ሴት ባዶ የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ ምንጭ ውስጥ ስታጥብ አየሁና ጮኽኩባት። ሽማግሌው አበደ ብላ ይሆናል። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

ያኔ ዩሪያ ለቀበሌያችን አዲስ ነበር። የልማት ሠራተኛው ሰብስቦን፣ "ዩሪያ ጨው ይመስላል፤ ከብት እንዳይቀምሰው፣ ከውሃም አርቁት። እበቱንም ለእንሰቱ አትንፈጉ" አለ። እኔ ሳቅሁ። በቆሎዬ ከጎረቤት ሁሉ በክንድ በልጧል፤ ማን ይመክረኛል? የአባቴ እህት አዬ ዳልጊቴ ግን (አዬ እኛ ዘንድ እማዬ እንደማለት ነው) ከእበት ሌላ ማዳበሪያ አልነኩም።

"አንተ ባለዩሪያ፣ እንሰትህ ከስቷል፤ ሰው በቆሎ ብቻ በልቶ ይኖራል?" ይሉኛል።

"እርስዎ ደግሞ ከላም ኋላ ቅርጫት ይዘው ይሩጡ" እላለሁ።

ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ በቆሎው ከጉልበት አልፏል። ዩሪያውን በትኜ ስጨርስ ጆንያው ለስኳር ድንች ይሁነኝ አልኩ። ወንዝ ለመውረድ ሰነፍኩ። አዬ ዳልጊቴ ላማቸውን የሚያጠጡበት የእንጨት ገንዳ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ እዚያው አጠብኩት። ውሃውን ሳልደፋ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ላሚቱ ሆዷ ተነፍቶ፣ አረፋ እየደፈቀች ተንፈራግጣ ሞተች። የዚያ ቤት ቅቤም፣ የእንሰቱ እበትም እሷ ነበረች። አዬ ዳልጊቴ ወደ ምራታቸው ዞሩ፦ "ለጋ ማሽላ አብልተሽ ገደልሽብኝ!" ለጋ ማሽላ ከብት እንደሚገድል እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም።

"ማሽላ አልነካሁም አዬ፤ ሣር ነው ያጨድኩት" ብላ ማለች። ማን ይስማት!

"ነገ ወደ አባትሽ ቤት!" አሉ።

ገንዳውን አየሁ። ውሃው ተጠጥቶ ግማሽ ሆኗል። ልናገር አፌን ብከፍት "ቶሎ እንቅበራት" የሚል ወጣ። ከሁሉም በርትቼ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሰዉም "ተባረክ" አለኝ።

ዩሪያ ጠላት ነው አልልም፤ ዛሬም ከእበት ጋር እጠቀምበታለሁ። ያቺ ምርቃት ግን እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደችም።

በማግስቱ ጠዋት እቤታቸው ስደርስ ምራቲቱ ልብሷን ቋጥራ ደጅ ቆማለች። ጆንያውን አዬ ዳልጊቴ እግር ሥር ጥዬ፣ "ገንዳው ውስጥ ይህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ላምዎን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ቤቴ ሄጄ የራሴን ላም ፈትቼ አመጣሁ። ገመዱን ለእሳቸው አልሰጠሁም፤ ምራቲቱን አስያዝኳት።