ፒፓሉክ የመረጠችው ጥይት

ጎረቤቴ ፒፓሉክ ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ የሟች ባሏ ትልቅ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ መራገጡ ያስፈራት ጀመር። ቃታ ስትስብ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጥይቱም በረዶውን ይመታል። ለብርዱ ወራት የምታኖረው ሥጋ ግን ያው በሰሜኑ በረዷማ አገራችን የሚታደነው ጠጉራም የዱር በሬ ነው።

አብረን ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ሄድን። እሷም ሻጩን ማሊክን፣ «ከባሌ ጠመንጃ የባሰ ትልቅ ጥይት የሚጎርስ አምጣልኝ። የትም ብመታው ይጣለው» አለችው።

«እትዬ፣ እንደዚያ ያለ ጥይት የለም» አላት። «ይልቅ ሦስት ዜሮ ስምንት የሚባለውን አነስ ያለ ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ያዢ። ብዙ አይራገጥም። ጥይቱን የበሬው ሳንባ ላይ ካገባሽው ይበቃዋል።»

«በዚህማ አጋዘን ነው የሚገደለው» ብላ አሾፈችበት፤ ወሰደችው ግን። ከመንደሩ ውጭ ስትለማመድ ሰነበተች።

በመስከረም፣ ብርዱ ሳይጠና፣ አብረን ለአደን ወጣን። በሬው ጎኑን እስኪሰጣት ጠበቀች፤ ዓይኗን ሳትጨፍን ተኮሰች። ጥቂት ተራምዶ ወደቀ።

ትከሻዋን ዳሰሰችና ፈገግ አለች። «ለከርሞም የማድነው እኔው ነኝ» አለችኝ።