የጥራጊ ስንዴ ተራ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ ማስቀመጫ ነበር። ግድግዳው ላይ የቀረው ነጭ ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል። ወለሉ አፈር ነው። ጥግ ላይ ዝተት የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ በድንበር ጠብ የታሰሩ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ደግሞ የማንን መሬት ገፋሽ?»

«የማንንም፣ እማማ። ስንዴ ጠርጌ ነው።»

«መጥረግም ማሳሰር ጀመረ?» አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

በእርዳታ እህል ማደያው አራት ሴቶች እንሠራ ነበር። አንዷ ጆንያ ትፈታለች፣ አንዷ ትሰፍራለች፣ አንዷ ዘይት ታድላለች። እኔ አራተኛ ክፍል ስለደረስሁ ስም እጠራለሁ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ከዝርዝሩ የተሰረዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሌላውን ፓርቲ መርጠዋል ተብለው ነው። እኔ የተሰረዘውን እየዘለልሁ እጠራለሁ። የተዘለለው ሰው ባዶ ስልቻውን አጣጥፎ ይሄዳል።

መሬት የፈሰሰው ስንዴ ከአፈሩ ጋር ተጠርጎ ይጣል ነበር። አንድ ቀን ሰፋሪዋ «ይህን ብናነፍሰው ለተዘለሉት ይሆናል» አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያበቃ ማንም ሳያዝዘን እንቀራለን። እናነፍሳለን፣ ጠጠሩን እንለቅማለን፣ ተራው ለደረሰ ቤት አንድ ቁና እንሰጣለን። ሥራዬን የወደድሁት ያኔ ነው።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ኋላ ሌባ እንዳንባል ብዬ የወሰደውን ሰው ሁሉ ስም በትልቁ ልጄ ደብተር ላይ ጻፍሁ። የማደያው መጋዘን ሲፈተሽ ደብተሩን ጆንያ ሥር አገኙት። የተሰረዙት ሰዎች በሙሉ በእኔ የእጅ ጽሕፈት ተደርድረዋል።

ሃምሳ አለቃው ደብተሩን ፊቴ ገለጠው።

«ይህ የሌላው ፓርቲ አባላት መዝገብ ነው።»

«የጥራጊ ተራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጥራጊ ተራ አለው?»

«ከሌለው ይጣሉበታል።»

ሳቅ አለ። ወዲያው ኮስተር ብሎ፣ «ሐሳቡን ያመጣችውን ንገሪኝና ወደ ልጅሽ ሂጂ። እስከ ነገ አስቢበት» አለኝ።

ትንሹ ልጄ ስድስት ወሩ ነበር። ጡቴ ሞልቶ ጠጥሯል። አሮጊቷ «እለቢው እንጂ፤ ያተኩስሻል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩልኝ። ወለሉ ላይ አለብሁት። አፈሩ ወዲያው ጠጣው።

ቀትር ላይ ባሌ ስንቅ ይዞ መጣ። ዘበኛው መካከላችን ቆመ።

«ልጁስ?» አልሁት።

«ጠግቦ ተኝቷል። ሰፋሪዋ ወስዳው የራሷን ባንድ ጡት፣ የኛን ባንድ ጡት ይዛ ነው የምትውለው። የኛው ሆዳም ሆኖ የሷን ልጅ አስለቀሰው አሉ።»

ዘበኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስሟን ብናገር እኔ እወጣለሁ፣ እሷ ትገባለች። የኔ ልጅ እናቱን ያገኛል፤ የሷ ያጣል። ይህን እያወቅሁም ስሟን አፌ ውስጥ ደጋግሜ አመላለስሁት። መናገር አምሮኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በማግስቱ ወረቀቱ ተጽፎ ጠበቀኝ። «ሐሳቡን ያመጣችው» ይልና ለስም ክፍት ቦታ አለው፤ ከዚያ «ናት» ይላል። ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ስሟን ንገሪኝና እኔ እሞላዋለሁ። አንቺ ፈርሚበት።»

«እኔው ልሙላው፣ ጌታዬ። ፊደል አውቃለሁ።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ክፍቱ ቦታ ላይ የራሴን ስም፣ የአባቴን፣ የአያቴን ጻፍሁ። ቦታው ስለጠበበ የአያቴ ስም ከመስመሩ ወጣ። ከሥሩም ፈረምሁ።

አነበበው። «ልጅ አለሽ አይደለም እንዴ?»

«አለኝ።»

ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው፣ እኔንም መለሱኝ። ብዙ ሳምንት ቆየሁ። ስወጣ ወተቴ ደርቆ ነበር። ልጄን እያጠባች ያቆየችው፣ ኋላም ጡት ያስጣለችው ሰፋሪዋ ናት።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎ፣ በቅርቡ አንዲት ወጣት ሴት በእርዳታ ሥራ ያለፍን ሴቶችን እየዞረች ስትጠይቅ ቤቴ መጣች። መጠይቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «እማማ፣ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር የነበረዎት ግንኙነት እንዴት ነበር? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ?» አለችኝ።

«ጥሩ» አልኋት። ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«በጣም» ልል ነበር። ለምን ብላ ብትጠይቀኝ የሰፋሪዋን ስም መጥራት ሊመጣ ነው ብዬ ተውሁት።