ስጎውን የማይቀምሰው ከድር

ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ ላንቻ ባለው ቤታችን ሰሃን እያጠብኩ ሳለ ከሳሎን የብዙ ሰው ሳቅ ሰማሁ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ እጄን ሳላደርቅ ብቅ አልኩ። ከልጄ በቀር ማንም የለም። ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ድሮ የተሠራ የእንግሊዞች አስቂኝ ድራማ ያያል። ሳቁ የዚያ ነው፤ ሳቂዎቹ አይታዩም። የሚታየው የምግብ ቤት ኪችን ነው፤ ረጅም ነጭ ቆብ የደፋ ሼፍ፣ የሚንተከተክ ድስት፣ ወዲህና ወዲያ የሚደናበሩ ምግብ ሠሪዎች።

«ታውቂዋለሽ እንዴ እማዬ?» አለኝ፣ በሩ ላይ ደርቄ ስቀርበት።

«ድሮ ሥራ ቦታ እናየው ነበር» አልኩና ወደ ሰሃኔ ተመለስኩ። ሌላውን አልነገርኩትም።

ሥራ ቦታ ያልኩት ካዛንቺስ የነበረ ምግብ ቤት ነው። አሁን ሰፈሩም ፈርሷል፤ በዚያ ሳልፍ የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ይቸግረኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቤት ከመቀመጥ ብዬ ነበር ሰላጣ ክፍል የገባሁት። ቀትር ላይ የቢሮ ሠራተኛው ይጎርፋል፤ ላዛኛው፣ አሮስቶው፣ ጥብሱ ባንድ ጊዜ ይጠራል። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ኪችን ያለነው ሁሉ ወደ አዳራሹ ወጥተን ቴሌቪዥኑ ሥር እንኮለኮላለን። ጣሪያው ላይ ዲሽ ስለነበር የማናውቀው አገር ሁሉ ይገባል፤ እኛ የምንወደው ግን ያንን የኪችን ድራማ ነበር። ሼፉ ይጮኻል፣ ሰሃን ይሰበራል፣ ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ነው ይባላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም በየቦታው ነው። በእንግሊዝኛ የተሻልኩት እኔ ስለሆንኩ ግማሹን እየሰማሁ፣ ግማሹን እየገመትኩ እተረጉምላቸዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚስቀው ከድር ነበር። ስጎና ጥብስ የሚሠራው እሱ ነው። ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ሰንጋ ተራ ተወልዶ ያደገ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ልጅ ነበር። የቤቱ ሥጋ የክርስቲያን ስለሆነ የሚሠራውን አይቀምስም። ጨውን በማሽተት ብቻ ያውቃል እያሉ ያወሩለት ነበር። እውነቱ ግን እኔን ይጠራኝ ነበር።

«ትርሲት፣ እስቲ ቅመሺልኝ።»

ማንኪያውን በአንድ እጁ ያቀርብልኛል፣ ሌላውን እጁን እንዳይንጠባጠብብኝ ከሥሩ ይደቅናል።

«ጨው?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁን በቃ።»

ሌላ የፍቅር ቃል የተነጋገርነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከአንድ ሰሃን የምንበላው በጾም ብቻ ነበር። በፍስክ ጊዜ እሱ ከቤቱ ያመጣውን ይበላል፣ እኔ የምግብ ቤቱን። ሁዳዴ ሲገባ ግን ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠበስ አድርጎ፣ ቲማቲሙን ጨምሮ፣ ቃሪያ ሰነጣጥቆበት የጾም ፓስታ ይሠራል። ጓዳው በር አጠገብ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ደፍተን ተቀምጠን አብረን እንበላለን። ሌላው ሰው ጾሙ እስኪፈታ ይቸኩላል፤ እኔ ባያልቅ እል ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን፣ የበልግ ዝናብ እያካፋብን ወደ ኡራኤል ስንሄድ፣ «ሽማግሌ ልላክ» አለኝ። «እኔ ሃይማኖቴን አልለውጥም፤ አንቺንም ለውጪ አልልሽም። እንደየእምነታችን እንኖራለን።»

ከሽማግሌዎቹ በፊት አባባ እንዲያዩት ብዬ ቤት ወሰድኩት። አባቴ የመንግሥት ቢሮ ጡረተኛ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ። ተነሥተው ተቀበሉት፣ ለስላሳ አስከፈቱለት፣ ስለ ሥራው ጠየቁት፣ እስከ በሩ ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ እሱን አልጠላሁትም። ግን እኔ ስሞት ልጆችሽ ቀብሬ ላይ የት ይቆማሉ?»

አልጮኹም። ቢጮኹ እኔም እጮህ ነበር። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምራ አልጋ ያዘች፤ ውሃ እንኳ የምትጠጣው በልመና ሆነ። በከድር እናት ቤትም የተባለው ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም።

በሰሙነ ሕማማት፣ ጠዋት ኪችን እንደገባሁ ነገርኩት። «እናቴ እየሞተችብኝ ማግባት አልችልም» አልኩት። ነጭ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። የያዘውን ልጦ ጨረሰ።

«እናትሽን ጠብቂ» አለ በመጨረሻ። «እኔም እናት አለኝ። ግን እያየሁሽ እዚህ መሥራት አልችልም። ከነገ ጀምሮ አልመጣም።»

ከሰዓት እንደ ልማዳችን አዳራሹ ወጣን። ድራማው ተጀመረ። ከእኔና ከከድር በቀር የሆነውን የሚያውቅ የለም። «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል ሁሉም። «ሼፉ፣ ሾርባውን ያበላሸው ማነው ነው የሚለው» እላለሁ። ይስቃሉ። «አብሳዩ ደግሞ፣ እርስዎ ነዎት አለው» እላለሁ። እንባዬ እየወረደ መተርጎሜን ቀጠልኩ፤ ማቆሙን አላወቅሁበትም። አንዷ አስተናጋጅ፣ «ትርሲትን እዩዋት፣ በሳቅ አለቀሰች» አለች። እነሱ የባሰ ሳቁ።

ከድር ተነሣ። ሽርጡን ፈትቶ አጣጠፈና ወንበሩ ላይ አኖረው። በአጠገቤ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ፣ «ስጎው እሳት ላይ ነው፤ እንዳያርብሽ» አለኝና በጓሮው በር ወጣ። እኔ ገብቼ ስጎውን አማሰልኩ።

በፋሲካ እናቴ ከአልጋዋ ተነሥታ ዶሮውን ራሷ ሠራች። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው። እኔ ለሁሉም አቀረብኩና የራሴን ሰሃን ሳልነካው አነሣሁ።

ከዓመታት በኋላ ደግ ሰው አገባሁ፤ ይህንን ልጅ ወለድኩ። ከድርም አግብቶ እንደወለደ ሰማሁ። አባባ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት፣ አልጋ ላይ ሆነው ሾርባ ሳጠጣቸው፣ «ያ ምግብ ሠሪ ልጅ አገባ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። ልጆችም አሉት አሉ።»

«ጨዋ ልጅ ነበር» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እሁድ ዕለት ውሃው እየፈሰሰ ሳስብ የቆየሁት ይህንን የአባቴን ቃል ነው። ከድር ክፉ መስሏቸው ቢሆን ኖሮ፣ ሳያውቁ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ጨዋነቱን የዚያን ዕለት፣ እስከ በሩ ሲሸኙትም ያውቁ ነበር። እናቴም እኔን ላለማጣት ነው እንጂ ለክፋት አልተኛችም። ከድርም አላስጨነቀኝም፤ እሺ ብሎ ሄደ። ሁላችንም ደግ ሰዎች ነበርን። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ያ ሁሉ ትዝ ሲለኝ፣ የምቆጣው ሰው እንኳ የለኝም።