ሰባት ቀን ወንዝ አትሻገሩ

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት አንዲት ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገበያ መግቢያ ላይ ቆማ፣ የስኳር በሽታን ከነሥሩ ይነቅላል የተባለ መድኃኒት ይሸጥባት ነበር። እኔ የሄድኩት ስለ በቆሎ ዋጋ ልጽፍ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ወጣት አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ "አሽትቱት፣ ተፈጥሯዊ ነው" እያለ በሰው ፊት ሲያዞረው ተራዬ ደረሰና አሸተትኩ፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ያረረ ማር። በሥራዬ ብዙ ክፉ ነገር ፊቴን ሳልለውጥ አይቻለሁ። ጠርሙሱን ስመልስለት ግን ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

ያንን ሽታ የማውቀው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ባለው መንደራችን፣ ልጅ ሳለሁ ነው። እህቴ አንጓች በብዙ ስለምትበልጠኝ እታለም ነበር የምላት። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ውኃ አልጠግብ ብላ፣ ቀሚሷ እስኪሰፋት ከስታ ሆስፒታል ገባችና፣ ስኳር ነው ተብላ የኢንሱሊን መርፌ ይዛ ተመለሰች። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በመንደራችን ደግሞ ማቀዝቀዣ ቀርቶ መብራትም የለም። ስለዚህ ነርሷ ባስተማረቻት መሠረት ከጓሯችን፣ ከግራዋው ጥላ ሥር፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ማሰሮ ተቀበረ፤ ዙሪያውን አሸዋ ተሞላ፤ የኢንሱሊኑ ጠርሙስ ማሰሮው ውስጥ ተኛች። አሸዋውን ጠዋት ጠዋት ውኃ ማጠጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

እታለም ማሰሮውን "ልጄ" ትለው ነበር። ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ፣ "ልጄን አጠጣህልኝ? ወይስ በውኃ ጥም ልትፈጅብኝ ነው?" እያለች ትጮህብኛለች። በሑዳዴ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም እሷ ጠዋት እንድትበላ የነፍስ አባታችን ፈቅደውላት ስለነበር፣ "በዚህ ቤት በጾም ቁርስ የምንበላ እኔና ዶሮዎቹ ብቻ ነን" ትልና ሽምብራ ቆሎዋን ሆን ብላ ጆሯችን ሥር ትቆረጥመዋለች። መርፌውን ለምዳው ነበር፤ ጭኗ ላይ ስትወጋ ወሬዋን እንኳን አታቋርጥም።

የቀራት አንድ ነገር ነበር። ስምንተኛን አልፋለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ፍኖተ ሰላም ነው፤ እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከቤት እያመላለሰች መማር አለባት። የተገኘችው አከራይ ግን የመርፌውን ነገር ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ፤ በግቢዬ ማሰሮ አይቀበርም ብላ መለሰቻት። አባቴ ገበያ ላይ "ስፔሻሊስቱን" ያገኘው በዚያው ሳምንት ነው።

ሰውዬው ጋዋን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሎ፣ የስኳር፣ የአስም፣ የሪህና የኪንታሮት ስፔሻሊስት ነኝ ይል ነበር፤ አንድ ሰው የአራቱም ስፔሻሊስት እንዴት እንደሚሆን የጠየቀው የለም። እታለምን ዓይኗን ገልጦ አየና፣ "በሽታው ድሮ ለቆሻል፤ አሁን የያዘሽ መርፌው ነው" አላት። እናቴ ደፈር ብላ፣ "ዶክተር፣ ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? መርፌውም ይቆይላት፣ ይኸንንም ትጠጣ" አለችው። "አይሆንም እማማ፤ ሁለቱ ሆዷ ውስጥ ከተገናኙ ይገድሏታል" አለ። ከዚያም ያ ሽታ ያለበትን ጠርሙስ ለአባቴ ሲሰጠው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን መጠጣት ከጀመረች ሰባት ቀን ሙሉ ወንዝ እንዳትሻገር አስጠነቀቀው።

ይቅር የማልለው ይህንን ነው። በአገራችን መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉን ያጣል የሚባል የቆየ እምነት አለ፤ ሥር የሚምሱ አዋቂዎችም ይህንኑ ያስጠነቅቃሉ። ሰውዬው ጋዋኑን ከሐኪሞች፣ ወንዙን ከእኛ ወስዶ አንድ ላይ ሰፋቸው። ከመንደራችን ሆስፒታል ለመድረስ ላህን መሻገር ግድ ነው። ወንዙን ከለከላት ማለት ሐኪም ከለከላት ማለት ነው፤ ለራሱም ርቆ የሚሄድበት ሰባት ቀን አተረፈ።

እታለም መርፌውን አቆመች። በመጀመሪያው ቀን ደብተሮቿን በጋዜጣ ስትለብድ ዋለች። ማታ ግን ጠጋ ብላኝ፣ "ልጄን ማጠጣት እንዳትተው፤ ማን ያውቃል፣ ይናፍቀኝ ይሆናል" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ያ ጥም ተመለሰ፤ ማስመለስ ተከተለ፤ ትንፋሿ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ፍሬ ይሸት ጀመር፤ ተኝታ ሳለች ዳገት እንደሚወጣ ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። ጎረቤቶች ሆስፒታል ትሂድ ሲሉ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ "ሰባቱ ይሙላ፤ በገዛ እጄ አልገድላትም" አለ። ጨካኝ አልነበረም፤ ተማረ ያለውን ሰው ቃል እየጠበቀ ነበር። ሰባቱ ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ፣ ብንቀሰቅሳት አልነቃ አለች። እናቴ ወደ ደጅ ወጥታ ጮኸች፤ ወንዶቹ ቃሬዛ አበጅተው ተሸከሟት፤ ከፊት የያዘው አባቴ ነበር። ላህን ተሻገሩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ሕይወቷ አልፏል።

በዓመቱ ሰውዬው ቡሬ ገበያ ላይ መታየቱን ሰማን። አባቴ ዱላውን ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አባቴ ሕዝቡን ሰንጥቆ ገብቶ ልጄን ገደልክ ሲለው፣ ሰውዬው ድምፅ ማጉያውን ከአፉ እንኳን አላወረደም።

"አባባ፣ ሰባቱ ሳይሞላ ወንዝ ተሻግራለች?"

አባቴ ውሸት አያውቅም። "ተሻግራለች።"

"ማን አሻገራት?"

"እኔ።"

ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ዱላውን እንደያዘ ዞረ። ከገበያው ሳንወጣ ሽያጩ ቀጥሏል።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ሐኪሞችን ጠየቅኩ። የእሷን ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ሊሞት እንደሚችል፣ ቶሎ ከተደረሰለት ግን ብዙውን ጊዜ እንደሚተርፍ ነገሩኝ። ይህንን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "ልጄ፣ ደግ ነህ። ያሻገርኳት ግን እኔ ነኝ" አለኝ። ይህንን እንዳመነ ሞተ። ሌባ የወሰደውን ይዞ ይሄዳል፤ ይህኛው እህቴን ከወሰደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ አባቴን ነፍሰ ገዳይ አደረገው። ንዴቴ በዕድሜ ይበርዳል ሲሉኝ ኖረዋል፤ አልበረደም።

ቅዳሜ ዕለት ከፊቴ የቆሙት ባላገር ለሚስታቸው ሊገዙ ነበር። "እኛ ከወንዝ ማዶ ነን፤ ቢጠናባትስ?" ብለው ጠየቁ። ወጣቱ፣ "ሰባት ቀን ነው አባባ፤ ቀድማ ከተሻገረች ኃላፊነት አንወስድም" አለ። ያን ጊዜ እዚያው ሰው መሐል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስለ እታለምም ስለ አባቴም ተናገርኩ። ወጣቱ ሙዚቃ ከፈተብኝ። ባላገሩ ግን ቆባቸውን አውልቀው በጥሞና ሰሙኝ፤ ነፍስ ይማር አሉኝ፤ የገዙትን ጠርሙስም በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እንዲያው ግን ጌታዬ፣ እህትዎ የተሻገሩት በስንተኛው ቀን ነበር?"

ማሰሮውን ከግራዋው ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የእታለም አርባ በወጣ ማግስት። በዚያን ዕለትም ጠዋት አጠጥቼው ነበር። ኢንሱሊኑ ከጠርሙሷ ግማሽ በላይ ነበር። ጠርሙሷ ስትነካ ትቀዘቅዛለች።